ማዳበሪያ የሚፈነዳው መቼ ነው? የአሞኒየም ናይትሬት ክምችት አደጋዎችና የቁጥጥር ደንቦች

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤይሩት ወደብ፣ 12 ቁጥር ከተሰጠው መጋዘን ጭስ ሲወጣ ታየ። የከተማዋ የእሳት አደጋ መከላከያ 10 ባልደረቦቹን ወደ ሥፍራው ላከ። ቡድኑ ከመጋዘኑ ደጃፍ ደርሶ በሩን ለመክፈት በሚታገልበት ጊዜ ውስጥ ምን እንደተከማቸ አያውቅም ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በመዝገብ 2,750 ቶን ወይም 27,500 ኩንታል ተብሎ የተያዘው የአሞኒየም ናይትሬት ክምችት ፈነዳ። ዐሥሩም ሞቱ። በአጠቃላይ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ከ6,000 በላይ ቆሰሉ፤ 300,000 የሚሆኑ ነዋሪዎች መጠለያ አጡ። በቤት ሠራተኝነት ተሰማርተው በዚያች ከተማ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችንም የአደጋው ገፈት ቀማሾች ነበሩ።

ዜናው እንደተሰማ ብዙ ሰው «ማዳበሪያ ይፈነዳል እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። አርሶ አደሩ ለክረምት የገዛውን ማዳበሪያ ከእህሉና ከቤተሰቡ መኝታ ብዙ ሳያርቅ በሚያስቀምጥበት አገር ይህ ጥያቄ ከተራ የማወቅ ጉጉት ያለፈ ነው። አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው። አብዛኞቹ ማዳበሪያዎች አይፈነዱም፤ አሞኒየም ናይትሬት ግን ሊፈነዳ ይችላል፤ እርሱም ቢሆን የሚፈነዳው በሚታወቁ ሁኔታዎች ሥር ብቻ ነው። እነዚህን ሁኔታዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚፈጥረው የሰው ልጅ የአከማቸት ጉድለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የውህዱን ጠባይ፣ ከታላላቅ አደጋዎች የተገኙትን ትምህርቶች፣ ከእነርሱ የተወለዱትን ደንቦችና ጉዳዩ አገራችንን በምን መልኩ እንደሚመለከት እንቃኛለን። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሞኒየም ናይትሬት ምንድን ነው?

አሞኒየም ናይትሬት ነጭ፣ ጨው መሰል ጠጣር ውህድ ሲሆን የሚገኘውም አሞኒያ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲዋሐድ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሩዶልፍ ግላውበር ውህዱን ያዘጋጀው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር። ይሁን እንጂ ርካሽ ሆኖ በብዛት ሊመረት የቻለው ፍሪትዝ ሀበር በ1909 የአየርን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማግኘት እንደሚቻል ካሳየ፣ ካርል ቦሽም በ1913 ዘዴውን ወደ ፋብሪካ ካሸጋገረው በኋላ ነው።

ከውህዱ ክብደት ውስጥ 35 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በናይትሬት መልክ ስለሚገኝ የተክል ሥር ወዲያውኑ ሊመጠው ይችላል፤ በአሞኒየም መልክ ያለው ሌላው ግማሽ ደግሞ በአፈሩ ተይዞ ቀስ በቀስ ያገለግላል። በአውሮፓና በአሜሪካ አርሶ አደሮች ዘንድ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ጠባዩ ነው። በሌላ በኩል ይኸው ውህድ 94 እጅ ሆኖ ከ6 እጅ ናፍጣ ጋር ሲደባለቅ በማዕድን ማውጫዎችና በድንጋይ ካባዎች በሰፊው የሚሠራበት ፈንጂ ይሆናል። ለማዳበሪያነት የሚመረተው ጠጠር መሰል ፍሬ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለፈንጂነት የሚመረተው ግን ናፍጣ እንዲጠጣ ተብሎ ቀዳዳ የበዛበት ተደርጎ ይሠራል። ቤይሩት ላይ የቀረው ጭነት ወደ ሞዛምቢክ የፈንጂ ፋብሪካ ሲጓዝ የነበረ ነው።

ጸጥተኛው ውህድ እንዴት ይፈነዳል?

አሞኒየም ናይትሬት በተለመደው የአየር ሙቀት የረጋ ነው። ክብሪት ቢጫርበት አይቀጣጠልም፤ ምክንያቱም ራሱ ነዳጅ አይደለም። ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ በፍጥነት መፈራረስ ይጀምራል።

ይህ መፈራረስ ሦስት መንገዶች አሉት። በመጀመሪያው መንገድ ውህዱ ወደተገኘባቸው ወደ አሞኒያና ናይትሪክ አሲድ እንፋሎት ይመለሳል፤ ይህም ሙቀትን ይውጣል። በሁለተኛው መንገድ ናይትረስ ኦክሳይድ ወደተባለው ጋዝና ወደ ውሃ እንፋሎት ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ ሙቀትን ያመነጫል። ክምሩ በገላጣ ቦታ ከሆነና ጋዞቹ እንደልብ የሚወጡ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ የሚውጠው ሙቀት የሁለተኛውን ያካክሰዋል፤ በመሆኑም ውህዱ እየጨሰ ይፈርሳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይፈነዳም። ጋዞቹ መውጫ ሲያጡ ግን ግፊትና ሙቀት እርስ በርስ ይባባሳሉ፤ ሚዛኑም ይናጋል።

ሦስተኛው መንገድ ፍንዳታ ነው። በዚህ ጊዜ ውህዱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ በሚጓዝ የግፊት ሞገድ ውስጥ ወደ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅንና የውሃ እንፋሎት ይቀየራል። 1 ኪሎ ግራም ጠጣር ውህድ በመደበኛ ሙቀትና ግፊት ቢለካ 980 ሊትር ያህል ቦታ የሚይዝ ጋዝ ይወጣዋል። በፍንዳታው ሙቀት ደግሞ የጋዙ ይዞታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ግድግዳ የሚያፈርሰውና መስኮት የሚያረግፈው ይህ በቅጽበት የሚለጠጥ ጋዝ ነው።

በሦስተኛው መንገድ ከሚወጡት ጋዞች መካከል ኦክስጅን እንደሚገኝ ልብ ይሏል። ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ ግራም ውህድ ውስጥ 200 ግራም ትርፍ ኦክስጅን ይለቀቃል። ስለዚህ አሞኒየም ናይትሬት «ኦክስጅን ሰጪ» ከሚባሉት ውህዶች ወገን ነው። የጥንቱን ባሩድ ብንወስድ ከሰሉና ድኙ ነዳጅ ሲሆኑ አየር ሳያስፈልግ እንዲነዱ የሚያደርጋቸው የፖታሲየም ናይትሬቱ ኦክስጅን ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ናፍጣ፣ ዘይት፣ ወረቀት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ድኝ ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር ሲገናኙ ነዳጅና ኦክስጅን ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለት ነው። አበው «እሳትና ጭድ» እንደሚሉት መሆኑ ነው። ከዚህም ሌላ ክሎሪን ያለባቸው ውህዶች፣ አሲዶች፣ እንዲሁም እንደ መዳብና ዚንክ ያሉ ብረታ ብረቶች መፈራረሱን ያፋጥኑታል።

የአየር ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። አሞኒየም ናይትሬት 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የፍሬው ውስጣዊ አሰላለፍ ስለሚለወጥ ይዞታው ከ3 በመቶ በላይ ያድጋል። በሞቃት አካባቢ በቆርቆሮ የተሠራ መጋዘን ቀን ከዚህ ሙቀት በላይ ሲወጣ፣ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ሲወርድ ፍሬው በየዕለቱ እየተነፋና እየሟሸሸ በመጨረሻ ይሰነጣጠቃል፤ ወደ ዱቄትነትም ይቀየራል። ዱቄቱና የተሰነጠቀው ፍሬ ናይትሬት ከጠንካራው ፍሬ ይልቅ ለምትና ለባዕድ ነገር ተጋላጭ ነው። በዚያ ላይ ውህዱ እርጥበት ስለሚስብ ጋግሮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህ መጋገር የመጋዘን ችግር ብቻ መስሎ ቢታይም ከታላላቆቹ አደጋዎች የመጀመሪያውን የወለደው እርሱ ነው።

አምስት አደጋዎች፣ አምስት ትምህርቶች

ኦፓው። በጀርመን አገር በኦፓው የነበረው ፋብሪካ 4,500 ቶን የሚሆን የአሞኒየም ናይትሬትና የአሞኒየም ሰልፌት ድብልቅ በአንድ መጋዘን አከማችቶ ነበር። ድብልቁ እየጋገረ በዶማ አልቆፈር ስላለ ሠራተኞቹ በትናንሽ ድማሚቶች ይፈረካክሱት ነበር። ይህንንም ከ10,000 ጊዜ በላይ ያለ አንዳች ችግር አድርገውታል። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1921 ጠዋት ግን ክምሩ ፈነዳ። ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመንደሩ ቤቶች አብዛኞቹ ፈረሱ። የፈነዳው ከክምሩ አንድ ዐሥረኛ ያህሉ ብቻ እንደነበር ተገምቷል። ከአደጋው ጥቂት ወራት በፊት ድብልቁ የሚደርቅበት ዘዴ ተለውጦ የምርቱ ጠባይ ተቀይሮ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ያለፉት ብዙ ሺህ ሙከራዎች የመሰከሩት ስለ አሮጌው ምርት ነበር፤ ስለ አዲሱ የተናገሩት ነገር አልነበረም።

ቴክሳስ ሲቲ። ኤፕሪል 16 ቀን 1947 በአሜሪካ የቴክሳስ ሲቲ ወደብ ግራንካም የተባለች መርከብ ከ2,000 ቶን በላይ አሞኒየም ናይትሬት ጭና ሳለ በጭነት ክፍሏ እሳት ተነሳ። ማዳበሪያው በወረቀት ከረጢት የታሸገ፣ እንዳይጋግርም በሰም የተለበደ ነበር፤ ወረቀቱም ሰሙም ነዳጅ ናቸው። ውሃ ጭነቱን ያበላሸዋል በሚል የጭነት ክፍሉ ተዘግቶ እሳቱን ለማፈን እንፋሎት ተለቀቀበት። ይህ ዘዴ ለጥጥ ወይም ለእንጨት ጭነት ትክክል ሊሆን ይችላል። የራሱን ኦክስጅን በውስጡ ለያዘ ውህድ ግን አየር መከልከል ትርጉም የለውም፤ እንፋሎቱ ሙቀት ጨመረለት፤ መዘጋቱ ግፊት ጨመረለት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ መርከቧ ፈነዳች። ሁለት ቶን የሚጠጋ መልሕቋ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደቀ። ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ እሳት ተከላካዮችም ከአንድ ሰው በቀር አለቁ። በማግስቱ ሌሊት በአቅራቢያው የነበረችው ሃይ ፍላየር የተባለች መርከብም የያዘችው አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ።

ቱሉዝ። ከኦፓው አደጋ ልክ 80 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በሴፕቴምበር 21 ቀን፣ በ2001 በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ 300 ቶን ያህል ከደረጃ በታች የሆነ አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ሁለቱም አደጋዎች በእኛ አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን መዋላቸው ነው። 31 ሰዎች ሲሞቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። የአደጋው መንስኤ በፍርድ ቤት ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2017 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሎሪን ያለበት ውህድ በስሕተት ከናይትሬቱ ጋር ተደባልቋል የሚለውን የባለሙያዎች ድምዳሜ ተቀብሏል። የተበላሸና ለሽያጭ የማይውል ምርት ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ቢሆንም በጠባዩ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው።

ዌስት። ዌስት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በ1962 ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተቋቋመ አንድ የማዳበሪያ መሸጫ ናይትሬቱን በእንጨት በተሠራ ሕንፃ ውስጥ፣ በእንጨት ጎተራ ያስቀምጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ከተማዋ እያደገች ወደ መጋዘኑ ቀረበች፤ ትምህርት ቤቶች፣ የመኖሪያ ሕንፃና የአረጋውያን መጦሪያ በአጠገቡ ተሠሩ። ኤፕሪል 17 ቀን 2013 ምሽት ሕንፃው በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ሪፖርት ከተደረገ 20 ደቂቃ ያህል በኋላ 27 ቶን የሚገመት ናይትሬት ፈነዳ። ከሞቱት 15 ሰዎች 12ቱ እሳቱን ለማጥፋትና ሰው ለማዳን የመጡ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ ባዶ የነበሩት ሰዓቱ ምሽት በመሆኑ ብቻ ነው። ከቤይሩቱ ክምችት አንድ መቶኛ ያህል የሆነ መጠን ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱ በራሱ አስተማሪ ነው።

ቤይሩት። ጭነቱን የያዘችው ሮሱስ የተባለች መርከብ ቤይሩት የደረሰችው በ2013 መጨረሻ ነበር። ጉዞዋን መቀጠል ባለመቻሏ ጭነቱ በ2014 ወደ መጋዘን ተዛወረ። የጉምሩክ ባለሥልጣናት ጭነቱ እንዲወገድ ወይም ወደ ውጭ እንዲላክ በተደጋጋሚ ለፍርድ ቤት ጽፈዋል፤ ውሳኔ ግን አልተገኘም። ለ6 ዓመታት ያህል ባለቤት አልባው ናይትሬት ርችት ካለበት ሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቆየ። አደጋውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጠፋው ኃላፊነቱን ወስዶ የሚያስወግደው አካል ነበር።

ደንቦቹ ምን ይላሉ?

የአሞኒየም ናይትሬት አከማቸት ደንቦች በአብዛኛው ከአደጋ በኋላ የተጻፉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከላይ ያየነውን ኬሚስትሪ ለሚያስታውስ አንባቢ የእያንዳንዱ ደንብ ምክንያት ግልጽ ይሆንለታል።

የመጀመሪያው ጉዳይ መለየት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ምደባ መሠረት አሞኒየም ናይትሬት በምድብ 5.1፣ ማለትም ኦክስጅን ሰጪ በሆኑ ቁሶች ውስጥ ይመደባል። ምልክቱ ቢጫ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን በላዩ በክብ ላይ የሚነድ ነበልባል ተስሎበታል። በጭነቱ ላይ 1942 የሚል ቁጥር ቢታይ ከ0.2 በመቶ ያልበለጠ ተቀጣጣይ ነገር ያለበት አሞኒየም ናይትሬት መሆኑን፣ 2067 ቢታይ ደግሞ አሞኒየም ናይትሬት ያለበት ማዳበሪያ መሆኑን ያመለክታል። አንድ የመጋዘን ኃላፊ እነዚህን ሁለት ቁጥሮችና ምልክቱን ብቻ ቢያውቅ እንኳ ብዙ ነገር ያውቃል።

ሁለተኛው የመጠን ወሰን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሴቬሶ በተባለው የከባድ አደጋዎች መመሪያው፣ ከቱሉዝ በኋላ የአሞኒየም ናይትሬትን ወሰኖች አጥብቆ በደረጃ ከፋፍሏቸዋል። በ2012 በወጣው መመሪያ መሠረት ለማዳበሪያነት የተመረተው 1,250 ቶን ሲደርስ የመጀመሪያው፣ 5,000 ቶን ሲደርስ ጠበቅ ያለው ቁጥጥር ይጀምራል። ለፈንጂና ለመሳሰሉት የሚውለው በ350 እና በ2,500 ቶን፣ ከደረጃ በታች የሆነው ወይም የተበላሸው ደግሞ በ10 እና በ50 ቶን ቁጥጥር ውስጥ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች እጅግ ዝቅ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቱሉዝ ትምህርት የሰፈረው በእነርሱ ላይ ነው። የቤይሩት ክምችት በዚህ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ጭነቱ ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳ ከጠበቀው ቁጥጥር ሥር በወደቀ ነበር።

ሦስተኛው አደራደርና ሕንፃ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ከረጢቶቹ ወደ መጋዘን ሲገቡ ሙቀታቸው ከ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ፣ ክምሩ ከግድግዳ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ፣ በክምሮች መካከልም ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ እንዲኖር ያዝዛል። ከነዳጅ፣ ከዘይት፣ ከድኝ፣ ከብረታ ብረት ዱቄትና ከፈንጂ ጋር በአንድነት ማስቀመጥ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ደንብ በጣሪያ የሚተከል የውሃ መርጫ የሚጠይቀው በከረጢት ያለው ክምችት ከ2,270 ቶን ሲበልጥ ብቻ ነበር፤ የዌስት መጋዘን የነበረው መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድም በ2016 ባወጣው ዘገባ እንዲህ ያሉ የደንብ ክፍተቶችን ነቅፏል። ደንብ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አራተኛው ርቀት ነው። የፍንዳታ ሞገድ ጉዳት የሚያደርስበት ርቀት የሚያድገው ከፈንጂው ክብደት ኪዩብ ሥር ጋር ነው። በቀላል አነጋገር ክብደቱ 8 እጥፍ ሲሆን የጉዳቱ ርቀት 2 እጥፍ፣ ክብደቱ 1,000 እጥፍ ሲሆን ርቀቱ 10 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ሕግ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ አንድን ትልቅ ክምር የአንዱ ፍንዳታ ሌላውን በማያስነሳበት ርቀት በ8 ትናንሽ ክምሮች ብንከፍለው የጉዳቱን ርቀት በግማሽ እንቀንሰዋለን። ሁለተኛ፣ ክምችቱን በጥቂቱ መቀነስ ብቻውን ርቀቱን እምብዛም ስለማያሳጥር መጋዘንና መኖሪያን ማራራቅ በሌላ ነገር ሊተካ አይችልም። ፈረንሳይ በ2003 ባወጣችው ሕግ በአደገኛ ፋብሪካዎች ዙሪያ የሚካሄድ ግንባታ የሚገደብበትን ሥርዓት የዘረጋችው ለዚህ ነው።

አምስተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ውህዱ ለእኩይ ዓላማ ሊውል ስለሚችል የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ከአሞኒየም ናይትሬት የመጣ 16 በመቶና ከዚያ በላይ ናይትሮጅን ያለበትን ምርት ለተራ ግለሰብ መሸጥን ገድቧል፤ ሻጮችም የጎደለ ወይም የተሰረቀ መጠን ሲያጋጥማቸው እንዲያሳውቁ ግዴታ ጥሏል።

እሳት ቢነሳስ?

የአሞኒየም ናይትሬት እሳት ማጥፊያው ውሃ፣ ያውም ብዙ ውሃ ነው። ዓላማው ማቀዝቀዝ እንጂ ማፈን አይደለም። በመሆኑም አረፋ፣ ዱቄት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም እንፋሎት ፋይዳ የላቸውም። ጋዞቹ እንዲወጡ በሮችና መስኮቶች መከፈት አለባቸው። ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ጭስ ከታየ መርዘኛው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እየወጣ፣ መፈራረሱም እየተፋፋመ መሆኑን ያመለክታል።

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ማጥፋቱን ትቶ የመሸሽ ውሳኔ ነው። እሳቱ ገና ከናይትሬቱ ካልደረሰ በውሃ መከላከል ይቻላል። ክምሩን ካዳረሰው ግን ሰው ማራቅ ይቀድማል፤ በሰሜን አሜሪካ በሚሠራበት የአደጋ ጊዜ መመሪያ መሠረት በእሳት ለተያያዘ ትልቅ የአሞኒየም ናይትሬት ጭነት የሚመከረው ርቀት 1,600 ሜትር ነው። እሳት ተከላካዩ ይህን ውሳኔ ሊወስን የሚችለው ውስጥ ያለውን ሲያውቅ ብቻ ነው። በቴክሳስ ሲቲ፣ በዌስትና በቤይሩት እሳት ተከላካዮች ያለቁት በፍርሃት ማነስ ወይም በችሎታ ጉድለት ሳይሆን ይህን ለመወሰን የሚያስችል ዕውቀት በጊዜው በእጃቸው ስላልነበረ ነው።

ጉዳዩ በአገራችን

የአገራችን አርሶ አደር ለብዙ ዓመታት ሲጠቀም የቆየው ዳፕና ዩሪያ፣ በኋላም በዳፕ ምትክ የመጣው ኤን ፒ ኤስ ናይትሬት የለባቸውም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረውም ኦክስጅን ሰጪ አይደለም፤ የኤን ፒ ኤስ ናይትሮጅንም በአሞኒየም መልክ ያለ ነው። ስለሆነም በአርሶ አደሩ ጎጆ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ያለው ማዳበሪያ እንደ ቤይሩቱ ይፈነዳል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው፤ ያለ ቦታው የሚነገር ሥጋት እውነተኛውን ሥጋት ሰሚ ያሳጣዋልና።

እውነተኛው ጉዳይ ሌላ ቦታ ነው። ድንጋይ ለመፈንቀል፣ መንገድ ለመቁረጥና ለሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ለማውጣት በሚካሄዱ ሥራዎች አሞኒየም ናይትሬት የተለመደ ግብዓት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ደግሞ ናይትሬትን፣ ናፍጣንና ማፈንጃን በአንድ ግቢ የሚያገናኝ ነው። የአገራችን ከተሞችም እንደ ዌስት በፍጥነት እየሰፉ ትናንት ከከተማ ውጭ የነበረውን ካባና መጋዘን ዛሬ በመኖሪያ መንደር እየከበቡት ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ነጥቦችን ማንሳት እንወዳለን። አንደኛው የከረጢት ጉዳይ ነው። በአገራችን «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ከይዘቱ አልፎ የከረጢቱ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ ባዶው ከረጢት እህል፣ ከሰል፣ ሲሚንቶ ሁሉ ይያዝበታል። ነጩ ዩሪያና ነጩ አሞኒየም ናይትሬት በዓይን ብዙም ስለማይለያዩ ናይትሬት የነበረበት ከረጢት ለሌላ አገልግሎት መዋል የለበትም፤ ናይትሬትም የሌላ ነገር ስም በተጻፈበት ከረጢት መገልበጥ የለበትም። ሁለተኛው ዩሪያንና አሞኒየም ናይትሬትን የመለየት ጉዳይ ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞኒየም ናይትሬት ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው አንጻራዊ እርጥበቱ 59 በመቶ ሲደርስ፣ ዩሪያ ደግሞ ከ70 በመቶ ሲያልፍ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን 18 በመቶ እርጥበት ይበቃቸዋል፤ ይህም በደረቁ ወራት እንኳ ሊገኝ የሚችል ነው። ውጤቱም ከከረጢት እየፈሰሰ ከእንጨትና ከቆሻሻ ጋር የሚገናኝ ጭቃ ነው። ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ ወይም ሥራ ተቋራጭ ውሉን ሲያቋርጥ የተረፈው ናይትሬት ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ በውል መጻፍ ይኖርበታል። የቤይሩት ክምችት የጀመረው ልክ እንዲህ ካለ የተተወ ዕቃ ነው።

ማጠቃለያ

አሞኒየም ናይትሬት ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለና ከሌላ ነገር የተለየ እስከሆነ ድረስ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ቶን እየተመረተ በሰላም የሚጓጓዝ ውህድ ነው። የሚያዘናጋውም ይኸው ሰላሙ ነው። በኦፓው ከ10,000 ጊዜ በላይ ምንም አልሆነም ነበር፤ በዌስት ለ50 ዓመታት፣ በቤይሩት ለ6 ዓመታት ምንም አልሆነም ነበር። «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚለው ክርክር ስለ ነገ ማረጋገጫ ሊሆን እንደማይችል እነዚህ ሦስት ቦታዎች ይመሰክራሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባላችን ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። እዚህ ላይ ቅጠሉ ውድ መሣሪያ አይደለም። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ስም፣ መጠንና ቦታ የተጻፈበት ዝርዝር አንዱ ቅጂ በመጋዘኑ በር ላይ፣ ሌላው በአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ይኑር፤ ዕቃው በገባና በወጣ ቁጥርም ይታደስ። እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት በ12 ቁጥር መጋዘን በር ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ 10 ሰዎች በሩን ለመክፈት ከመታገል ይልቅ ወደ ኋላ በተመለሱ፣ ሌላውንም ሰው እንዲርቅ ባስጠነቀቁ ነበር።